የአሞሷ ሊዲያ

በአትላንታ ከተማ ስለ ሊዲያ ሃርሎ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ሴትዮዋ ራሷ ከመቃብር ብትነሳ፣ ስለ ሕይወቷ አንዲት ቃል ከመተንፈሷ በፊት ወደ እኔ ዞር ብላ «ልክ ነኝ ወይ ፍቅሩ?» ማለቷ አይቀርም። ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት የልጆች ገጣሚ ናት። ከአቮንዴል እስቴትስ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ የኖረችበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔም በዚያ ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ግን መሞቷን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት ዳውንታውን የመኪና ፓርኪንግ ጠባቂ ነበርኩ። ወደዚህ የመጣሁት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። የቤቱ ኃላፊ ካሮል በመጀመሪያው ቀን ከክፍል ክፍል እያዞረች አሳየችኝ። «ሊዲያ የምትጽፈው እዚህ ነው። ሊዲያ ጠዋት ጠዋት ይህ መጋረጃ እንዲከፈት አትፈልግም። ይህ የሊዲያ ወንበር ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም» ትለኛለች። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ በልቤ ጻፍኩት። አሠሪዬ ሴትዮ ቁጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አሰብኩ።

በኋላ ነው የሙያው ደንብ መሆኑን ያወቅኩት። በሙዚየም ቤት አስጎብኚ ስለ ሟች ሲናገር «ትጽፍ ነበር» አይልም፤ «ትጽፋለች» ነው የሚለው። ጎብኚው ሴትዮዋ አሁን ከጓሮ ትገባለች ብሎ እንዲጠብቅ ነው። እኔ ጠበቅኳት። ሦስት ቀን ሙሉ በእግር ጣቴ እየሄድኩ አቧራ ጠረግኩ። በአራተኛው ቀን ካሮልን እመቤቲቱ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳት።

«ከየት?» አለች።

«ከሄዱበት።»

ካሮል ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ሳቋ ግን ግድግዳውን አልፎ መጣ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ በእጇ ለጎብኚ የሚሰጠውን ትንሽ ወረቀት ይዛለች። የሊዲያ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ የተወለደችበትና የሞተችበት ዓመት ተጽፏል።

የሙዚየም ጽዳት የቤት ጽዳት አይደለም፤ አዲስ የምትቀጠሩ ይህን ያዙልኝ። ውኃ የለም። የሚረጭ ነገር የለም። አቧራ የሚጠረገው ከፈረስ ፀጉር በተሠራ ብሩሽ ነው፤ ልስላሴው ሕፃን ቢዳብሱበት ይተኛል። የመጥረጊያው ማሽን አፍ ላይ መረብ ይታሰራል፤ ከምንጣፉ የወጣ ክር እንዳይስብ። ወንበር በእጅ መደገፊያው ተጎትቶ አይነሳም፤ ከመቀመጫው ሥር ነው የሚታቀፈው። ወረቀት ባለበት ክፍል እስክሪብቶ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እርሳስ ብቻ። አንዲት ስንጥቅ ካየህ አትነካትም፤ በጉዳት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ትመዘግባታለህ።

ማዕረጉም እንዲህ ነው። ከላይ ቦርዱ አለ። ከቦርዱ በታች ካሮል። ከካሮል በታች ዋናው አስጎብኚ ሄንሪ። ከሄንሪ በታች ሦስት አስጎብኚዎች። ከእነሱ በታች በነፃ የሚያገለግሉ ሁለት ጡረተኛ ሴቶች። ከእነሱ በታች በጓሮ የምትመላለሰው የጎረቤት ድመት። ከድመቷ በታች እኔ።

አራት ዓመት በዚህ ማዕረግ ቆየሁ። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ዝምታው ነው የገደለኝ። እኔ ፓርኪንግ ሳለሁ ሰው ሲጠፋ ለመኪናዎቹ የማወራ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ጎብኚ ሲገባ ብሩሼን ይዤ ወደ ጓዳ እሰወራለሁ። ከግድግዳው ጀርባ ሄንሪ ሲናገር እሰማለሁ። ሰዎች በየትኛው ቃል እንደሚስቁ፣ የት ላይ እንደሚያዛጉ ሁሉ አወቅኩ። ሄንሪ እውቀቱ የባሕር ያህል ነው፤ ቀልዱ ግን የለም። «እኔ ብሆን እዚህ ጋ እንዲህ እል ነበር» እያልኩ ለመጥረጊያው እነግረዋለሁ።

አንደኛዋ አስጎብኚ ሥራ ለቃ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ካሮል ቢሮ ገብቼ ቦታውን እፈልጋለሁ አልኳት። አልሳቀችም። ደንቡን ነገረችኝ። አስጎብኚው የሚናገረው ሁሉ የተጻፈበት፣ አርባ ገጽ የሚሆን ስክሪፕት ይሰጥሃል። ሦስት ሳምንት ታጠናለህ። ከዚያ እውነተኛ ጎብኚ ይዘህ ቤቱን ታዞራለህ፤ ሄንሪ ከኋላ ሆኖ ነጥብ ይይዛል። ካለፍክ ስምህ የተጻፈበት ባጅ ይሰጥሃል። ከወደቅክ አንድ ጊዜ ትደግማለህ። ሁለተኛ ከወደቅክ ግን ዳግመኛ ማመልከት የለም፤ ዕድሜ ልክህን ከመጥረጊያው ጋር ነህ።

ያችን ባጅ እንዴት እንደፈለግኳት አትጠይቁኝ። ሰው በሃምሳ ዓመቱ የሚያፈቅር ከሆነ ያ ፍቅር ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ ውጤቱን ሳትጠብቅ እኛ በምንኖርበት ስማይርና ላለው የእድራችን አባል ሁሉ «ፍቅሩ አስጎብኚ ሆነ» ብላ አወራች። መውጫ የለም።

ስክሪፕቱን ቃል በቃል በላሁት። ሊዲያ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ መንደር ተወለደች። እናቷ በልጅነቷ ሞተችባት። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ መጥታ አትላንታ ተቀመጠች። ለልጆች መጽሔት ግጥም ትልክ ነበር፤ ስለ ሰነፍ እንቁራሪት፣ ጫማው ጠበበኝ ስለሚል ዳክዬ። ከሁሉ የታወቀው ግን ስለ ጉድጓድ ውኃና ስለ ጨረቃ የጻፈችው ነው። በእኔ አማርኛ እንዲህ ይላል፤ ከዋናው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ጨረቃን ልቀዳ ባልዲዬን ላክሁና፣
ውኃ ይዞ መጣ ጨረቃን ተወና፤
ከላይ ሆና አየችኝ ፈገግ አለችና፣
«ባልዲሽን አትቆጪው፣ ገና ሕፃን ነውና።»

ከአርባው ገጽ ያላነበብኩት ሦስቱን ብቻ ነው። ርዕሱ «ቤተሰብ» ይላል። ቤተሰቡን አውቀዋለሁ ብዬ ዘለልኩት። ደረጃው ላይ አንድ ጢማም ሰው በትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ኤድዊን ሃርሎ» የሚል አለ። ሴትዮዋ ሊዲያ ሃርሎ፣ ሰውዬው ኤድዊን ሃርሎ። የሁለቱም አባት ሃርሎ። ሄንሪም ሲያስጎበኝ በስሙ ብቻ «ኤድዊን» ነው የሚለው። ታዲያ ወንድሟ ካልሆነ ምኗ ሊሆን ነው? አራት ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ስጠርግ «እንደምን አደሩ ወንድምዬው» እለው ነበር።

ለፈተናው ቀን ተንኮል አሰብኩ። ጎብኚ የሚሆኑት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ወለሉ አይችልም። ስድስቱን ቦታ በራሴ ሰው ሞላሁት። ጎረቤቴ እማማ አስካለ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው የአረጋውያን ቡድን አላቸው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ዘዴ ግን ሃይማኖት አይለይም። እማማ አስካለን ቀልድ ስናገር ይሳቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም «ካላሳቀኝ አልስቅም፤ ውሸት ኃጢአት ነው» ብለው አምስት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ።

በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ቀጥዬ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ አስከትላለሁ። የመጻፊያ ክፍሉ ላይ ሳቁ። ማዕድ ቤቱ ላይ ሳቁ። በሄንሪ ጢም ሥር እንኳ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ባጁ ደረቴ ላይ ተሰክቶ ታየኝ። መኝታ ክፍሉ ደረስን።

«ሊዲያ እዚህ ትተኛለች» አልኩ፣ በደንቡ መሠረት። «ወንድሟ ኤድዊንም እዚህ ይተኛል።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው።

አንድ ረጅም አሜሪካዊ አንድ አልጋ ላይ ማለትህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጊዜው ክፉ እንደነበርና ቤቱም ብርድ እንደሚገባው አስረዳሁት። ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ያለውን የሕፃን መኝታ አሳይታ የማን እንደሆነ ጠየቀች። የወንድምየው ልጅ ነው አልኩ። የወንድምየው ሚስትስ የት ናት አለች። «ስለ እሷ የተጻፈ ነገር የለም» አልኩ፣ ድምፄን በሐዘን ዝቅ አድርጌ።

ይህን በአማርኛ ስደግመው እማማ አስካለ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን፣ በወሊድ ሞታ ነዋ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሏቸው። ለሌለች ሴት ግማሽ ልቅሶ ተለቀሰ። እኔ ይባስ ብዬ የኤድዊን የእጅ ማተሚያ ወዳለበት ክፍል አውርጃቸው ኤድዊን የእህቱን የመጀመሪያ መጽሐፍ በገዛ እጁ እንዳተመላት ነገርኳቸው። «የዛሬ ወንድም ይህን ያደርጋል?» ስል አጨበጨቡ። አሜሪካኖቹ አላጨበጨቡም። ሄንሪም መጻፉን ትቶ እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

እንግዶቹ መጽሐፍ መሸጫው ጋ ሲቆዩ ሄንሪ ወደ ኋላው ደረጃ ወሰደኝ።

«ፍቅሩ፣ ኤድዊን ባሏ ነው።»

«ስማቸው እኮ አንድ ነው» አልኩት።

«አዎ፤ ባሏ ስለሆነ ነው።»

«ወንድሟ ስለሆነ ነው እንጂ።»

ጥፋቱ የት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር የሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም እንደሆነ፣ ሴት ብታገባም ባታገባም የአባቷ ልጅ ሆና እንደምትቀር አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። አሜሪካ ስንት ዓመት እንደኖርኩም ጠየቀኝ። አሥራ ስድስት አልኩት። እዚህ ሚስት በባሏ ስም እንደምትጠራ አታውቅም ወይ አለኝ። አውቃለሁ፤ ግን የማውቀው የፍጥነት ገደብን እንደማውቀው ነው አልኩት።

ሄንሪ ቀልዱን ዘለለው። ወረቀቱ ላይ «አላለፈም» ብሎ ጻፈ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ እንድደግም ቀን ሰጠኝ። የመጨረሻዬ ናት።

እማማ አስካለን መኪናቸው ጋ ልሸኛቸው ወጣሁና እውነቱን ነገርኳቸው። ኤድዊን ባሏ ነው፤ ሃርሎ የባሏ የቤተሰብ ስም ነው አልኳቸው። እማማ የከፈቱትን የመኪና በር መልሰው ዘጉት።

«ታዲያ ልጅቷ አባት የላትም እንዴ? የአባቷ ስም ማነው?»

አላውቅም ነበር። በእኛ ሙያ ደግሞ ያላወቅኸውን ጥያቄ «አላውቅም» ብለህ አትተወውም። በካርድ ላይ የጠያቂውን ስም፣ ጥያቄውንና ቀኑን ትጽፋለህ። በሳምንት ውስጥ መልሱን ታደርሳለህ። የወደቅኩ አስጎብኚ ብሆንም ካርዱን አውጥቼ ጻፍኩ።

ካሮልን ስጠይቃት ከጋብቻ በፊት ሊዲያ ፕሩዊት ትባል እንደነበር ነገረችኝ። ለእማማ ደወልኩ።

«ፕሩዊት የሰውዬው የራሱ ስም ነው?» አሉኝ።

የቤተሰቡ ነው አልኳቸው።

«ቤተሰቡን አልጠየቅኩህም እኮ ልጄ። አባቷን እናቱ ስትጠራው ምን ብላ ነበር የምትጠራው?»

ያኔ ነው የዘለልኳቸውን ሦስት ገጾች ያነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ፤ አሞስ ፕሩዊት፣ የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ። መልሼ ደወልኩና አሞስ ነው አልኳቸው።

«አየህ፣ ይኸው! ሊዲያ አሞስ ናታ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሊዲያ አሞስ። ያንን ስም አውቀዋለሁ። አራት ዓመት በየወሩ አቧራውን የጠረግኩለት ስም ነው።

ላይኛው ክፍል ካለው ቁም ሳጥን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ግራጫ ሣጥን አለ። በውስጡ አንዲት ልጅ በእጇ የጻፈቻት ቀጭን ደብተር አለች። ሽፋኗ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሊዲያ አሞስ» ይላል። የሣጥኑ መለያ ወረቀት ደግሞ «ሊዲያ አሞስ፣ የጎረቤት ልጅ፤ የወይዘሮ ሃርሎን ግጥሞች የገለበጠች» ይላል። ሄንሪ ሁልጊዜ ስለዚህች ደብተር ይናገራል። የገጣሚዋ ግጥሞች ከመወደዳቸው የተነሳ የጎረቤት ሕፃን እንኳ እየገለበጠች ትይዛቸው ነበር ይላል። ጎብኚው «ኦው» ይላል።

እኔ ሳጥኑን ለሄንሪ አሳየሁት። ይህቺ ጎረቤት አይደለችም፤ ራሷ ናት፤ ሊዲያ፣ የአሞስ ልጅ አልኩት። ሄንሪ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። በዚህ አገር ማንም በአባቱ የመጀመሪያ ስም አይጠራም አለ። አሞስ የሚባል የቤተሰብ ስምም አለ አለ። በኤድዊን ጉዳይ የሠራሁትን ስህተት አሁንም ወደ ሌላ ክፍል ይዤው እየዞርኩ እንደሆነ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ የሠራሁት ያንኑ ነበር።

ካሮል ግን የቤቱን ሕግ አስታወሰችን። ከጀርባው ወረቀት የሌለው ቃል በዚህ ቤት አይነገርም። ይህ ሕግ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቷም ልጅ ይሠራል አለች። «ጎረቤት ናት የሚል ወረቀት አለን?» ብላ ሄንሪን ጠየቀችው። ሄንሪ የለም አለ። መለያውን የጻፈው እሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሰው ነው።

የሊዲያ አክስት ደብዳቤዎች በሌላ ሣጥን ነበሩ። ጽሕፈቱ ጉንዳን ቀለም ውስጥ ነክረው የለቀቁት ይመስላል። ከሄንሪ በቀር የሚያነበው የለም። እሱም የተነበቡት ስለ መጽሐፉ የሚያወሩት ብቻ እንደሆኑ አመነ፤ ስለ ዶሮና ስለ ጉንፋን የሚያወሩትን ማንም አልነካቸውም። አራት ቀን በምሳ ሰዓቱ ተቀመጠ። እኔ ጓንት አድርጌ ከፊት ለፊቱ ሆኜ ገጽ አቀብላለሁ። አላወራሁም። እመኑኝ፣ አራት ቀን አላወራሁም።

በአምስተኛው ቀን ሄንሪ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አክስቲቱ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ የዮሐንሷ ሊዲያ ሳሉ ለቋታል፣ ልብስ መስፋት ጀምራለች። የአሞሷ ሊዲያ ግን ውኃ ቅጂ ተብላ ስትላክ ደብተሯን ይዛ ጉድጓዱ ጋ ትቀራለች።

ለካ መንደሩ ውስጥ ሁለት ሊዲያ ፕሩዊት ነበሩ፤ የሁለት ወንድማማች ልጆች። ሁለቱን ለመለየት በየአባታቸው ስም ይጠሯቸዋል። ልጅቷም ደብተሯ ላይ ሰው እንደሚጠራት ጻፈች።

ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሄንሪ ከእኔ ቀድሞ ገባው። ደብተሯን ከፍቶ የጨረቃዋን ግጥም አወጣ። ሁላችንም ሊዲያ በአርባ ዓመቷ፣ በዚህ ቤት ቁጭ ብላ የጻፈችው ነው እያልን ነበር የምንናገረው። እዚህ ግን በልጅ ፊደል፣ አንዱ መስመር ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል። የሚገለብጥ ሰው አይሰርዝም። ግጥሙን የጻፈችው ውኃ ቅጂ የተባለች ልጅ ናት።

«ሃያ ሁለት ዓመት የጎረቤት ልጅ ናት ብዬ ተናገርኩ» አለ ሄንሪ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። «እኔ ደግሞ በአንድ ቀን ወንድሟን አልጋዋ ላይ አስተኛሁ» አልኩት። ሄንሪ ያኔ ሳቀ። ሳቅ ያልለመደ ሰው ሲስቅ ያስፈራል፤ ካሮል ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች።

ሁለተኛው ፈተና አልቀረልኝም፤ ሄንሪ በነጥብ ዘመድ አያውቅም። እማማ አስካለ ጓደኞቻቸውን ይዘው ተመለሱ። የቤተሰቡን ሦስት ገጾች ከሁሉ በፊት በሩ ላይ ተናገርኩ። መኝታ ክፍል ስንደርስ ትንፋሼን ሰብስቤ «ባሏ ኤድዊን እዚህ ይተኛል» አልኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። እማማ ከኋላ ሆነው «እሰይ፣ ገና አሁን ተጋቡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወለሉን አናወጡት። ሄንሪ በአማርኛ የተባለውን ባይረዳም ጻፈ፤ በኋላ ሳየው «ጎብኚዎች ደስተኞች ናቸው» ይላል።

ባጁን የሰካልኝ ራሱ ሄንሪ ነው። ትንሽ አጣመመው፤ አላቃናሁትም።

ደብተሯ አሁን ከሣጥን ወጥታ በመስታወት ውስጥ ናት። አዲሱ መለያ ወረቀት «ሊዲያ፣ የአሞስ ልጅ፤ የገጣሚዋ የመጀመሪያ ደብተር» ይላል። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የእማማ አስካለ ጥያቄና የእኔ ስም አለ። እማማ ፊደሉ ትንሽ ነው ብለው ካሮል ጋ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ጉዳዩ ቦርድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኝቻለሁ። ለሙያው አዲስ የሆናችሁ ሦስት ነገር ያዙ። ስክሪፕቱን ሙሉውን አንብቡ፤ አውቀዋለሁ የምትሉትን ገጽ ሁለት ጊዜ። የጎብኚን ጥያቄ በካርድ ጻፉ። ስለ ሰው ከመናገራችሁ በፊት ማን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ጠይቁ። ሌላው ከሥራው ጋር ይመጣል።

ዘነበች ደብተሯ መስታወት ውስጥ በገባች ሰሞን አንድ እሑድ መጥታ ነበር። ሙሉውን ዞርኩላት፤ ለሚስት ስለሆነ ቀልዱን እጥፍ አደረግኩት። መስታወቱ ጋ ስንደርስ ግን ቆማ ቀረች። ወረቀቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ለእሷ የአባቷን ስም መለስክላት» አለችኝ። «የእኔ አባት መኩሪያ ነው።»

በመንጃ ፈቃዷ፣ በምትሠራበት ሆስፒታል ደረቷ ላይ በምትሰካው ባጅ፣ በዜግነት ወረቀቷ ላይ ዘነበች በላቸው ነበር የሚለው። በላቸው የእኔ አባት ነው። በወረቀት ከሄድን ባለቤቴ እህቴ ነበረች።

ስሟን ለማስመለስ የሚሞላውን ቅጽ በሳምንቱ አመጣሁላት። እሷው ሞላችው፤ ዳኛውም ፈቀደላት። የመጀመሪያውን ቅጽ፣ የዜግነቱን፣ የሞላሁት ግን እኔ ነበርኩ። ስም መቀየር ይፈልጋሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ አዎ ብዬ ምልክት አደረግኩና የአባቴን ስም ጻፍኩ። ዘነበች አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አልጠየቅኳትም።